ሁለት ብርሌ በአክስቴ ቤት

እንዳለው፣ እንደምን ሰነበትክ? ቡሬ አክስቴ ቤት ነኝ። እናቴ ለወንድሜ ለወንዳወቅ ተዝካር የሚሆነውን ጠጅ ቀምሼ እንድመርጥ ልካኝ ነው። ለቤታችን ድግስ ጠጅ የሚመርጠው እሱ ነበር፤ እንዳላሳፍረው ፈራሁ።

አክስቴ እትዬ አምለሰት አንድ ብርሌ ከቀይ ማር፣ አንድ ብርሌ ከነጭ ማር ቀዱልኝ። እኔም እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ነጩ ጌሾ በዝቶበታል። ቀዩ ደግሞ ኃይለኛ ነው፤ ራሴን አዞረኝ» አልኩና ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«አንተ! ለተማሪ ጠጅ የምቀዳ መሰለህ? ሁለቱም ብርዝ ነው፣ ጌሾ የሚባል አልነካውም! የምትመርጠው ማሩን ነው» ብለው በሳቅ ፈነዱ።

በእኛ ከተማ በፈረስ ቤት ሰው ለመስከር ቢያንስ ጠላ ይፈልጋል፤ ለእኔ የማር ውኃ በቃኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ ገና መሳቄ ነበር። ለወንዳወቅ ልነግረው ስልኬን አውጥቼ፣ ስሙን ካገኘሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ስለዚህ ለአንተ ጻፍኩ።

ቀዩን መርጫለሁ። ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እናትህንና እህትህን ደስታነሽን ሳምልኝ። ስመጣ ክፍል ውስጥ በሁሉም ፊት አሹፍብኝ፤ እሱ ቢሆን ዓመት ሙሉ አይለቀኝም ነበር።

ደስታው