በቀኝ ዓይኔ በኩል የቆመው

ጥቅምት 14፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ብርድ። ደጁ ውርጭ ለብሷል። የበግ ጠጉር እየፈተልኩ ነው፤ ብናኙ ዓይኔን ይበላኛል። አላሸውም፤ ሐኪሙ ከልክሎኛል። ኬራቶኮነስ ይባላል። የዓይኔ የፊት መስታወት ሳስቶ እንደ እንዝርት ጫፍ ሾጥጧል። ግራው ጠባሳ አለው፣ ብዙም አያይም። የምኖረው በቀኙ ነው። መስታወቱ ስለተጣመመ ሐኪሙ የዓይኔን ኋላ፣ ሬቲና የሚሉትን፣ አጥርቶ ማየት አልቻለም። አዲስ አበባ በመሣሪያ ይታይ አለ። ወረቀት ሰጠኝ። እንደ ልማዴ በዱቄት ሙጫ እዚህ ገጽሽ ላይ ለጠፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት ከእናቴ ቤት ግድግዳ ጋዜጣ ነው፤ የተለጠፈ ነገር አይጠፋም፣ ደብተሬ።

ጥቅምት 16
ዘይነባ መጣች። ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያው ውስጥ ነው የምትኖረው፤ አብረን እንፈትላለን። ዛሬ ስንት ሆኜ ታየሁሽ አለችኝ። ሦስት አልኳት። "እንግዲያው ለሦስታችንም ምሳ አቅርቢ!" ሳቅን። ሃያ ዓመት ለምጄዋለሁ። አንድ መብራት አምስት ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ከትከሻው በላይ የገረጣ መንታ አለው። አያስፈሩም።
ከሰዓት ግን አዲስ ነገር። በቀኝ ጥግ ብልጭታ፣ ክብሪት እንደሚጫር። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨፍኜም ተጫረ።

ጥቅምት 18
ሰው ቆሟል። በስተቀኝ፣ በበሩ በኩል። ጥቁር ነው፤ መንታዎቹ እንደዚህ አይደሉም። ስዞር ይዞራል። ፊት ለፊት ላየው ስል ይሸሻል። ድምፅ የለውም። ዙሪያውን እንደ ትንኝ የሚበር ነገር።
ጋቢ የተከናነበ ይመስላል። ተክሌ እንደዚያ ይከናነብ ነበር። ወንድሜ፤ አምና የሞተው። ተዝካሩን አላወጣሁለትም።

ጥቅምት 19
ለእማሆይ ነገርኳቸው። ጎረቤቴ ናቸው፤ የቄስ ሚስት ነበሩ፣ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ጫኑ። ብዙም አላሰቡ። "ልጄ፣ ተዝካሩን ነው የሚጠይቅሽ።" የተቀበረው አንኮበር ነውና እዚያው በመድኃኔዓለም ዕለት ይዘከር አሉ። ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ከማይታወቅ ጥላ የወንድም ጥላ ይሻላል። ብቅል አስፈጨሁ፣ ጌሾ ወቀጥኩ።

ጥቅምት 21
ቀርቧል። ያን ዕለት በሩ ላይ፣ ዛሬ እንዝርቴ አጠገብ። ጠላው መጠንሰሱን ነገርኩት። አፌን ከፍቼ እንደማወራው ያወቅኩት ዘይነባ ከማን ጋር ነሽ ስትለኝ ነው። ለእሷም ነገርኳት። በሩን አየችና ወደ ፈትሏ ተመለሰች።
ደስ ይላል ብልሽ ታምኛለሽ? ቤቱ ውስጥ ሰው አለ።

ጥቅምት 22፣ 8 ሰዓት
ዘይነባ ዛሬ አልቀለደችም። በየትኛው ዓይንሽ ነው የምታይው አለች። እንደዚያ አስቤ አላውቅም። ቀኙን በመዳፏ ከደነችው። ተክሌ ጠፋ። ግራዬ ደብዛዛ ቢሆንም በሩ ባዶ መሆኑን ያያል። ግራውን ከደነች። መጣ። ደጋገምነው።
"ሙት የሚታይበትን ዓይን መርጦ ይመጣል እንዴ፣ እህቴ?" አለች።
ወረቀቱ ትዝ አለኝ። ጀርባውን አላነበብኩም ነበር። ሙጫ ቀብቼ የዘጋሁት እኔው ነኝ። በውሃ አራስኩት። በክረምት ጋዜጣው ከእናቴ ግድግዳ እንደሚላቀቅ፣ ከጥግ ጀምሮ ተላቀቀ። አነበብኩ። ብልጭታ፣ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጥብ፣ ከአንድ ወገን እንደ መጋረጃ የሚመጣ ጥላ ከታየ ሬቲና ከቦታው እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። ያንኑ ዕለት ወደ ሐኪም።
ያንኑ ዕለት። ብልጭታው ከመጣ ስድስተኛ ቀኔ ነው፤ እኔ ጠላ ስጠነስስ።

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት ተኩል
ዓይን ክፍል ደወልን። አትደሩ፣ አሁኑኑ ወደ አዲስ አበባ ተነሱ፣ እዚያ ላሉት ሐኪሞች እንነግርላችኋለን አሉ። ጥላው አፍንጫዬ ጋ ሊደርስ ነው። በቀኜ የማየው ግማሽ ገጽሽን ነው።
እማሆይ ተቆጡ። ሙት ያዝናል፣ ጠላውስ ለማን ሊሆን ነው አሉ። ቆይተው የራሳቸውን ጋቢ አምጥተው ደረቡልኝ፤ ጠላውን እኔ እጠብቀዋለሁ፣ ሂጂ አሉኝ።
ዘይነባ መኪና ልታስቆም ወጥታለች። አብራኝ ትሄዳለች። ተክሌ፣ ተዝካርህ ይቆይ። ዓይኔ ከተረፈ አወጣልሃለሁ።
አሁን ቀኝ ዓይኔን ከድኜ በግራዬ ወደ በሩ ዞርኩ። ማንም የለም። ስንቀብረው ያልመጣልኝ እንባ አሁን መጣ።
ዘይነባ እየተጣራች ነው። መዳፌን አነሳሁ። እዚሁ ነው፣ እጄ አጠገብ።
አብሮኝ ሊሳፈር ነው።