ሐተታ የሌለው ውሳኔ

ማክሰኞ

እግዱ ተነሳ። ወደ ሥራ ስሄድ ትራም ላይ ነው ያነበብኩት። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከመባረር ተጠብቀው የሚኖሩበትን ጊዜያዊ ከለላ መንግሥት እንዳያቋርጥ አንድ ዳኛ አግዶ ነበር። የበላይ ፍርድ ቤት እግዱን ሻረው። ሦስት መስመር! ምክንያቱን የሚያስረዳ ሐተታ ፍለጋ ስልኬን ወደ ታች ገፋሁ፣ ገፋሁ። የለም። ከመሰደዴ በፊት ደሴ ሃያ ዓመት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆኜ ስሠራ የዶሮ ክርክር እንኳ ያለ ሐተታ ሲዘጋ አላየሁም። ሰው ለምን እንደተረታ ሳይነገረው ይረታል?

ታናሽ እህቴ ሉባባ ዴንቨር ነው የምትኖረው። በዚያው ከለላ።

ረቡዕ

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። የአሜሪካ ፍርድ በወጣ ቁጥር የምንኖርበት የፍሌሚንግተን ሰፈር ሐበሾች ቴሌግራም ግሩፕ ተንታኝ እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። ዳኛው ያገደ ዕለት አሥር ደቂቃ ሙሉ ድምፄን ቀድቼ ለቀቅሁ፤ «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ብዬ ጨረስኩ። የጭብጨባ ምልክት ዘነበልኝ።

በማግስቱ ሉባባ ደወለች። ጥገኝነት ለማመልከት ጠበቃ ቡክ አድርጋ ነበር። «ጋሼ፣ ልሂድ ወይስ ይቅር?»

«የተኛ መዝገብ ምን ያስቀሰቅስሻል? ዋናው ክርክር እስኪያልቅ ማንም አይነካሽም» አልኳት። እኔ በሠራሁበት ችሎት እግድ ከወጣ መዝገቡ ዓመት ሁለት ዓመት ይተኛል። እዚያም እንደዚያው መሰለኝ። ቀጠሮዋን ሰረዘች።

ልጄ ሂክማ ያኔ «ዳድ፣ ዩ አር ኖት ኤ ሎየር» ስትለኝ ተቆጣኋት። ሦስት ቀን አኮረፍኳት።

ሐሙስ

ከተማ መሃል በጥበቃነት የምሠራበት ሕንፃ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። ሉባባ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ አላነሳሁም። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ አይደለም። ፈርቼ ነው።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለዘይነባ ነገርኳት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አለች። ወዲያው አዘነችና ሩዝ ጨመረችልኝ። አልበላሁትም።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከበቡኝ። «ጋሽ ሰይድ፣ ይግባኝ አለው አይደል?» አለው አልኩ። እስከዚያስ ሰዉ ምን ይሆናል? ይህን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላነሳሁትም። አሁንም አታለልኳቸው።

ቤት ስደርስ ደወልኩላት። እሷ ዘንድ መሽቷል፤ አልተኛችም። የተወችው ጠበቃ አዲስ ሰው መቀበል አቁሟል። ሌሎቹም ሞልተዋል።

«ሉባባ፣ ተሳስቼ ነው የመከርኩሽ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። እኔ የደወልኩት ለሱ አይደለም» አለች። «ሥራ ቦታችን የኢሚግሬሽን ሰዎች መጥተው ወረቀት ይመረምራሉ እየተባለ ነው። ሰኞ ልሂድ ወይስ ይቅር?»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አስቤ እደውልልሻለሁ አልኳት።

ቅዳሜ

ጠዋት ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ ተሳስቻለሁ፣ ጠበቃ አይደለሁም፣ የድሮውን ድምፅ አጥፍቼዋለሁ፣ ዘመድ ያላችሁ ጠበቃ አስጠይቁ። የመጀመሪያው መልስ፦ «ጋሽ ሰይድ፣ ትሕትናዎ!» ሁለተኛው፦ «አሁን ግን እርስዎ ምን ይመክራሉ?» ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት።

ሂክማ አብራኝ ተቀምጣ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ቦታዎችን ፈለገችልኝ። አንዱ መልስ ሰጠ፤ ወረፋው አራት ወር ነው። «አይ ቶልድ ዩ» አላለችኝም። እጄን ያዘችኝ።

ሉባባ እየጠበቀች ነው። ሂጂ ብላት ቢይዟትስ? ቅሪ ብላት ከሥራ ቢያባርሯትስ? ስጽፍ ስሰርዝ ቆየሁ። በመጨረሻ «አላውቅም» ብዬ ላክሁላት። በሕይወቷ ከእኔ ሰምታው የማታውቀው ቃል ነው።

ወዲያው መለሰች።

«እሺ ጋሼ። ስታውቅ ንገረኝ።»