የጓሮው ሽንት ቤት ቁልፍ

ለምሳሳልሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ይሄን ድሮ ለወጉ ያህል ነበር የምጽፈው፤ ዛሬ ግን የምሬን ነው የምጠይቅሽ። ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? ትንሿ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ወረቀት ያነሳሁት በስልክ የሚሆን ነገር ስላልሆነ ነው። ስልክ ላይ ትስቂና ወሬ ትቀይሪያለሽ፣ እኔም አብሬሽ ስቄ እተወዋለሁ። ደብዳቤን ግን አታቋርጪውም።

ሆዴን አሞኝ ነበር። ላንቺም ለማንም ሳልናገር ከረምኩ።

ፀጉር ቤቴ ውስጥ ከመስታወቱ አጠገብ ያለውን ሚስማር ታውቂዋለሽ፣ የጓሮው ሽንት ቤት ቁልፍ የሚሰቀልበትን። እኛም ከሱቁ ኋላ የምንኖረው፣ የመደዳው ሱቅም ሁሉ የምንጠቀመው በዚያ በአንዱ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ስለሚውል የሰፈሩን ሆድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰዓት ጠጋኙ ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ አንዴ ይወስደዋል፣ በቃ፣ ከመለሰው በኋላ ቀኑን ሙሉ ደግሞ አይጠይቀውም። ልብስ ሰፊዋ ወንድ ደንበኛ ከተቀመጠ ታፍራለች፤ መቀስ ልዋስ ብላ ገብታ ቁልፉን ከመቀሱ ሥር ደብቃ ትወጣለች። እንዲህ እየተሳሳቅን ነበር የምንውለው።

ከዚያ ቁልፉ ከእኔ ኪስ አልወጣ አለ። የደንበኛውን ፊት አረፋ በአረፋ አድርጌ፣ አንዱን ጉንጭ ላጭቼ፣ ይቅርታ ጌታዬ፣ መጣሁ ብዬ እሮጣለሁ። ስመለስ አረፋው ደርቆ ይጠብቀኛል፣ ገና ምላጩን ሳነሳ ደግሞ ይመጣብኛል። አንድ ሹፌር ቢቸግረው ግማሽ ጢሙን እንደያዘ ሄደ፣ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ሰዓት ጠጋኙ ሚስማሩ ባዶ ሲሆንበት፣ ምነው ቁልፉን አገባኸው እንዴ፣ ለሰርጉ እንኳ ሳትጠራን ብሎ አሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። ግን ደንበኛ ወንበር ላይ ትቶ መሮጥን ከማን እንዳየሁት አውቃለሁ።

አባባ እንዲህ ነበር፣ በዚያው ወንበር። ኪንታሮት ነው አለ፤ እኛም ኪንታሮት ነው አልን፣ ጎረቤቱም ኪንታሮት ነው ብሎ የሚቀባ ነገር አመጣለት። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ያየሽው አንቺ ነሽ። ምን ሆነህ ነው ብትዪው ሥራ በዝቶብኝ ነው አለሽ። ከቀብሩ ስንመለስ እንኳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኪንታሮት ነበር።

ስለዚህ ደም ያየሁ ቀን ግድግዳውን ይዤ ነው የወጣሁት። ሐኪም ቤት በራሴ ሄድኩ ብዬ አልዋሽሽም፣ ሚስቴ ጎትታ ነው የወሰደችኝ።

ሐኪሟ በዕድሜ ከትልቋ ልጅሽ ብዙ አትበልጥም። በቀን ስንቴ ትወጣለህ ስትለኝ ጣራ ጣራውን አየሁ። እሷ እቴ፣ ስለ አየሩ የምታወራ ነው የሚመስለው። ቶሎ ቶሎ መውጣት ብቻውን በሽታ አይደለም አለችኝ፤ አንዱ በቀን ሦስቴ፣ ሌላው በሳምንት ሦስቴ ወጥቶ ሁለቱም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ምግብም፣ ወተትም፣ መድኃኒትም፣ ፍርሃትም ሆድን ያስሮጣል። ዝም የማይባለው ሰው የለመደው ነገር ተለውጦ በዚያው ሲቀር ነው፤ ደም ሲታይ፣ ሳይፈልጉት ሰውነት ሲቀንስ፣ ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰ ሲያስወጣ። ስለ አባባ ስነግራት መጻፏን አቆመችና ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየቷ አሁንም ከፊቴ አልሄደም።

ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው አዩኝ። ለምርመራው አንጀት የሚያጥብ ነገር አጠጥተውኝ ነበርና ያን ዕለት ቁልፉን እውነትም አግብቼው ዋልኩ። ውጤቱ እስኪመጣ እጄን ስላላመንኩት ምላጭ አልያዝኩም፣ በቶንዶስ ብቻ ሠራሁ። ፈራሁ፣ እትዬ። ልጆቼ ሲስቁ ስሰማ ራሱ እፈራ ነበር።

አንጀቴ ውስጥ ትንንሽ እባጮች አግኝተው ቆርጠው አወጧቸው። ገና ወደ ካንሰር አልተለወጡም። ትንሽ ብትቆይ ኖሮ አለችና ሐኪሟ ሳትጨርሰው ተወችው። እንግዲህ እፎይ ብሎ ነው የጻፈልኝ ትዪ ይሆናል። አይደለም። ፍርሃቱ የባሰብኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ልወጣ ስል እህት ወንድም አለህ ወይ አለችኝ። አንዲት እህት አለችኝ፣ ታላቄ ናት አልኳት። ይሄ በዘር ሊሄድ ይችላል፣ እሷም መታየት አለባት፣ ምንም ባያማት እንኳ አለች። ምንም ባያማት ስትል ያለፈው አመጣጥሽ ትዝ አለኝ።

እትዬ፣ ባለፈው ስትመጪ፣ እኔን ገና ሳይጀምረኝ፣ ሚስማሩ ባዶ ነበር። ሰዓት ጠጋኙ እየተመላለሰ ቁልፉን ሲፈልግ ከሹራብሽ ኪስ ተገኘ። ረስቼው ነው፣ መንገዱ ሆዴን አውኮት ነው ብለሽ ሳቅሽ። በሳምንቱ ልትሄጂ ስትነሺም መንገዱ ነው ትዪ ነበር። ሌሊት የጓሮው በር ሲከፈት በእንቅልፍ ልቤ ስሰማ ሚስቴ ናት እል ነበር። አሁን ጠየቅኳት፤ እሷ አልነበረችም። ቀሚስሽን ደግሞ ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዘሽው ነበር። ሚስቴ ቀጥና እንዴት አምሮባታል አለች፤ እኔም አምሮብሻል አልኩሽ። ምላሴን በቆረጠው!

ስለዚህ ኪንታሮት ነው እንዳትዪኝ። መንገዱ ነው እንዳትዪኝ። ለመጪው ሐሙስ ቀጠሮ አስይዤልሻለሁ፣ ሐኪሟም ሴት ናት፣ የሚያሳፍር ነገር የለም። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ። ባለቤትሽ ከጠየቀሽ ወንድሜን አሞት ነው በይው፣ ውሸት አይሆንብሽም።

ለመደዳው ሱቅ ሌላ ቁልፍ አስቀርጬ ሚስማሩ ላይ ሰቅዬላቸዋለሁ። የድሮው ያንቺ ነው፣ ስትመጪ ትራስሽ ሥር ይሆናል፤ ማንም አይፈልገውም፣ ማንም አይስቅብሽም።

እግዜር ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ለማብቃት ያድርስሽ። ከአንቺ በቀር ያባባን ፊት የማይበት ሰው የለኝም። ነይልኝ።

የምትሳሺለት ታናሽ ወንድምሽ