የትርንጎ ቆሽት

ኅዳር 8
ስማኝ ደብተሬ፣ በደል ደርሶብኛል። የአዲሱ ክልላችን ስም ከምጽፍበት ቆርቆሮ ረዘመ። «ቤኒሻንጉል ጉሙ» ላይ ስደርስ ሰሌዳው አለቀ። ሰሌዳ መጻፍ ማንም አላስተማረኝም፤ መለካትም እንደዚያው። የመ/ቤቱ ኃላፊ «ዝ»ን የት በላሃት ብሎ ቆሽቱ አረረ። እንግዲያው ክልሉን አሳጥሩት አልኩት። አልሳቀም።
ሌላም ነገር አለ። ዛሬ አልጽፈውም።

ኅዳር 9
ልጻፈው። ትርንጎ፣ የሟች እህቴ ልጅ፣ ከባምባሲ መጥታ እኔ ዘንድ አድራለች። ከግራ ጎድኗ ሥር ያበጠ ነገር አለ። እዚያ ክሊኒክ ያለው ድሬሰር ጣፊያ ነው አላት። እዚህ አገር ወባ የደጋገመው ሰው ሁሉ ጣፊያው ያብጣል። የወባ ክኒን ስትውጥ ከረመች።
ከአዲስ አበባ ለጥቂት ቀን እዚህ ሆስፒታል የመጣው ዶ/ር በአልትራሳውንድ አያት። እሷን አስወጥቶ እኔን አስቀረኝ። ጣፊያዋ ደህና ነው። ያበጠው ቆሽቷ ላይ ነው፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ ውስጡ የተከፋፈለ። እሱ ራሱ ብዙ አላጋጠመውም። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዓይነት አለ፣ ወደ ካንሰር የሚዞርም አለ። በመዳበስ አይለይም። አዲስ አበባ ተቀዶ ይውጣ፣ ይመርመር፣ ቶሎ። አንተ ንገራት አለኝ።
ከሰውነት ሁሉ ቆሽት!

ኅዳር 10
ነገርኳት። ሳቀች።
«አያ፣ ከልጅነቴ ጀምረህ ስታሳርረው ኖረህ፣ አሁን አበጠ ትለኛለህ?»
ማልኩላት። ሳቋ ባሰ። ጅብ ሽማግሌ ልኮብሻል ብዬ ያስለቀስኳት ጊዜም ምዬ ነበር። ጣፊያ ነው፣ ማሽላዬ ደርሷል ብላ ወደ ባምባሲ ተመለሰች።

ኅዳር 14
ባምባሲ ዋልኩ። ከስታለች። መቀነቷን ከእብጠቱ በላይ ታስራለች። በመንገድ ሁሉ አነጋገሬን ሳዘጋጅ ነበር፤ ሳያት ጠፋኝ። ልጆቿ ቀልድ ጠበቁ፣ አልመጣልኝም። ሁልጊዜ የምቀልድበትን የባሏን ጢም እንኳ አለፍኩት። ምሳ በላሁ፣ ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። ዞር ስል በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

ኅዳር 15
ወሰንኩ። ዶ/ሩ ሳይመለስ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ እሱ ራሱ ይንገራት። እኔን ማን ያምናል? «ዝ»ን ከሰሌዳው ጥግ አስገብቻታለሁ፣ የተንጠለጠለች ትመስላለ…

በር ተንኳኳ። ትርንጎ ናት። ልብሷን በፌስታል ይዛለች። ተቀመጪ ብላት እንቢ አለች።
«ትናንት አንድም ሳትቀልድብኝ ሄድክ» አለች። «የአዲስ አበባው መኪና መቼ ነው?»