ቁጣቸውን ያልዋጡት ፕሮፌሰር ታክ ዮንሒ

እኅታችን ፕሮፌሰር ታክ ዮንሒ ከአባታቸው ከባህል ሐኪሙ ከታክ ብዮንግሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቤ ማልዬ እ.ኤ.አ. በጥር 1948 በአንዶንግ ተወለዱ። አባታችን የአገሩን ሰው ሁሉ የልብ ትርታ እየዳሰሱ፣ ሥር እየቀቀሉ ያድኑ ነበር። የገዛ ባለቤታቸውን ግን ደረታቸው ላይ እንደ ድንጋይ የተቀመጠ ነገር ሲያፍናቸው ኖረ። በአገራችን የእሳት ሕመም የሚባለው ነው፤ ምራት ሆነው ከገቡ ጀምሮ የዋጡት ቁጣ። አባታችን ሥሩን ቀቀሉላቸው እንጂ ማን እንዳናደዳቸው አንድ ቀን አልጠየቁም። ቢጠይቁማ ኖሮ የሚሰሙት የገዛ እናታቸውን ስም ነበር።

እናታችን በ1968 ሲያርፉ ሽማግሌዎቹ «ሁሉን ችላ ኖረች» ብለው አመሰገኗቸው። ያኔ የሃያ ዓመት ተማሪ የነበሩት እኅታችን ከለቅሶው መሐል ተነሥተው ወጡ።

በሴኡል ታሪክ ተምረው፣ በ1975 መምህር ቻ ኢንዶክን አግብተው አንዲት ልጃቸውን ሚርዮንግን ወለዱ። ለዶክትሬታቸው የድሮ ሐኪሞችን ጽሑፍ መረመሩ፤ ሐኪሞቹ የሴቶችን ቁጣ የደም ጉድለት እያሉ እንዳለፉት፣ በሽተኛ ሲሞትባቸው ግን ራሳቸው ተደብቀው እንዳለቀሱ ጻፉ። አማካሪያቸው «ስሜት ታሪክ አይሆንም፤ ምዕራፉን አውጪውና ተመረቂ» አሏቸው።

«እናቴን የገደላት ታዲያ ምን ነበር፣ መምህር?» ብለው ያንኑ ምዕራፍ መልሰው አስረከቡ። ተመለሰባቸው። አንድ ቃል ሳይነኩ እንደገና ወሰዱት። እልኸኛ ተባሉ፤ ነበሩም። ሌላ አማካሪ እስኪገኝ ዓመታት ቢሄዱም በ1986 ከነምዕራፋቸው ተመረቁ።

ሲያስተምሩም «የተናደደ ይቀመጥ፤ ያልተናደደ ምን ሊማር መጣ?» ይሉ ነበር።

አምና ቆሽታቸው ላይ ካንሰር ሲገኝ ወጣቱ ሐኪም «እናቴ፣ ይረጋጉ» አላቸው። «የልብ ትርታዬን ጻፍ፤ ከጎኑ ደግሞ ተናድዳለች ብለህ ጻፍ» አሉት። ጻፈ።

ይህን ለሚያነበው ታናሽ ወንድማቸውም «ሕመሟን በትዕግሥት ችላ አረፈች ትልና ከሣጥኔ እነሣልሃለሁ» ብለውታል። ስለዚህ አይልም። የጎሳችን ሽማግሌዎች ትናንት የሐዘኑ ባለቤት የሚያስረውን የክንድ ጨርቅ፣ ሴት ልጅ አታስረውም ብለው ለአንድ ወንድ ዘመድ ሊያስሩ መጥተው ነበር። ጨርቁ ይኸው ሚርዮንግ ክንድ ላይ ነው። ቅር ያለው ቅር ይበለው።

ፕሮፌሰር ታክ ዮንሒ ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ወንድማቸው ባሉበት መጋቢት 9 ቀን 2023 በሰባ አምስት ዓመታቸው ቁጣቸውን ሳይውጡ አረፉ። ነፍሳቸው ከእናታችን ነፍስ ጎን ትረፍ። ሲገናኙም አባታችን ያልጠየቁትን ይጠይቁልን።