እጇን እንዳወጣች «አልቀረበችም» ስለተባለችው ልጄ

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት የንግግር ድጋፍ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን ከነሙሉ ጤናዎ፣ ከነምቹ ወንበርዎ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ልጄ ከምትማርበት ትምህርት ቤት ፊት ለፊት የምሠራ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ወሬ ሲዘንብብኝ ውዬ ቤቴ ስገባ፣ ቃል ጉሮሮዋ ላይ የሚይዛት የሰባት ዓመት ልጄ ትጠብቀኛለች። እስክትጨርስ የሚታገሣት ሰው ካገኘች ትናገራለች። በደንብዎ መሠረት ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ለአገልግሎቱ አይመዘገብም፤ እሷ ደግሞ ስምንት ሊሞላት አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል። ስለዚህ ምስጋናዬ ሳይውል ሳያድር ይድረስዎ ብዬ ነው።

፩. የንግግር ሕክምና ባለሙያዋን በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ስለሚልኩልን ውለታዎ አለብን። የተመደበላት ክፍል የተሰበሩ ወንበሮች ስለሞሉበት ልጆቹን የምታስተምረው ውጭ፣ ደረጃ ሥር ነው። ወንበር ዝናብ ቢመታው ይበላሻል፣ ልጅ ግን ይችለዋል ብለው መሆኑ ገብቶኛል። ይህንኑ ጉዳይ አንሥቼ ደብዳቤ ከጻፍኩልዎት ዘጠኝ ወር ሆነ።

፪. አሥራ አራት ወር ወረፋ ጠብቀን ባለፈው ሐሙስ ለምዝገባ ወደ ትምህርት ቤቱ ተጠራን። ወላጅ ውጭ ይቆይ ስለተባለ በመስኮት አያለሁ። የመዝገብ ሠራተኛዎ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ የልጄን ስም ሦስት ጊዜ ጠሩ። የመጣችው እኮ «አቤት» ማለት አቅቷት ነው! እጇን አወጣች፤ ከመቀመጫዋም ተነሥታ ቆመች። እኔ መስታወቱን ሳንኳኳ፣ ዘበኛው ክንዴን ጠምዝዞ ሥርዓት እንድይዝ በትሕትና መከረኝ። በስሟ ትይዩ «አልቀረበችም» ተብሎ ተጻፈና ተሰረዘች። ከበሩ እስከ ሱቄ ድረስ ከቃሉ ጋር ስትታገል መጥታ፣ «አባዬ፣ እኔ አልታይም እንዴ?» አለችኝ።

፫. ወዲያው ቅሬታ ሰሚ ዘንድ ሄድኩ። የቀረ ልጅ የቀረበትን ምክንያት ራሱ ቀርቦ በቃል ማስረዳት አለበት የሚል መመሪያ መኖሩን በደግነት ነገሩኝ። ይህን መመሪያ ያወጣው ሰው ዕድሜ ይስጠው። ልጄ ያንን ሁሉ በቃል ማስረዳት ከቻለች እናንተን ለምን አደክማለሁ?

የምለምንዎት ከባድ ነገር አይደለም። ስሟ አሥራ ዘጠኙ ቀን ሳያልቅ ይመለስ፤ ስም የሚጠሩትም ሰው አንድ ጊዜ ቀና ይበሉ።

ምላጭ በእጁ ይዞ ትዕግሥትን የተማረ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣዎ፣
የልጅቱ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ ከሐሙስ ጀምሮ በሱቄ መስታወት ፊት ቆማ «አቤት» ማለትን እየተለማመደች ነው። ዛሬ ጠዋት ሰዓት ያዝኩላት፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ታገለች፤ በመጨረሻ ግን ጥርት አድርጋ አለችው። እርስዎ በደብዳቤዬ ከተጠሩ ዘጠኝ ወርዎ ነው፣ እስካሁን «አቤት» አላሉም። ባለሙያዋ ዘንድ ወረፋ ልይዝልዎት አስቤ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ደንቡ ከስምንት ዓመት በላይ አይቀበልም።