ጎልሽ ምንድን ነው?

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ አርሂባ ሰፈር በምማረው የእንግሊዝኛ ትምህርት መምህሩ «ጎልሽ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «ኳስ አልጫወትም» አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ለካ ዓላማም ማለት ነው! ቃሉ ከየት እንደመጣ ስጠይቀው፣ «በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ድሮ ወሰን ማለት ነበር ይባላል፤ ኋላ የሩጫ መጨረሻ ሆነ፣ ከዚያ የኳሱ» አለኝ። በፈረንሳይኛም ለሁለቱም ቃሉ አንድ ነው አለ። እኛም ለሁለቱም ግብ ነው የምንለው። የእኛው ግን ከመግባት የመጣ ይመስለኛል። እነሱ ማብቂያውን አይተው፣ እኛ መግቢያውን አይተን ሰየምነው ማለት ነው? ይህን ሳሰላስል ሆዳን ሰፈር፣ በቤት ሠራተኝነት ከምሠራበት ቤት ደረስኩ።

ራት ስናዘጋጅ ማዳም «ምን ተማርሽ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ያንቺስ ግብ ምንድን ነው?»

«አገሬ ገብቼ፣ ድሬዳዋ የራሴን ልብስ ስፌት ቤት መክፈት» አልኳት፣ ሳላስበው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለራሴም ቢሆን።

ሰላጣ መክተፏን አቆመች። ልጆቿ በእኔ እጅ ነው ያደጉት።

«መቼ ልትሄጂ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«እንጃ» አልኳት። እውነቴን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ድስቱን እያጠብኩ የማስበው የሱቄን ቀለም ነበር።